ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤

አዘጋጆቹ «ስለ ራም አመራረጥ ተናገርልን» ብለውኛል፤ ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው ስለሚይዝበት ማስታወሻ ማለት ነው። ከመካከላችሁ ከእኔ በፊት ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያገናኘውን ዋና ሰሌዳ) የፈታችሁ ስላላችሁ ከሀ ሁ አልጀምርም። ሆዴ ውስጥ የቆየውን ልናገር።

የራሙ ካርቶን ላይ በትልቁ የሚታተመው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የኦቨርክሎክ፣ ማለትም ከመደበኛው ፍጥነት በላይ የማስሮጥ፣ ቁጥር ነው። የራም ደረጃ የሚያወጣው የጄዴክ መስፈርት ለዲዲአር4 (ለአራተኛው የዲዲአር ራም ትውልድ) የሚያውቀው ፍጥነት 3200 (በሰከንድ ሚሊዮን የመረጃ ዝውውር) ላይ ያበቃል። «3600» የሚል ራም ሲሰካ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው በ2133፣ በ2400 ወይም በ2666 ነው። ባዮስ (የማዘርቦርዱን ማስተካከያ ገጽ) ገብቶ ኤክስኤምፒ (ራሙን ወደ ካርቶኑ ፍጥነት የሚያደርሰውን ቅንብር) ያላበራ ሰው የከፈለበትን ፍጥነት አያየውም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሏችኋል ይሄ ነው!

አንድ ቪዲዮ የሚያቀናብር ልጅ «ዘገየብኝ» ብሎ ኮምፒውተሩን አመጣልኝ። ስከፍተው ራሙ በሰባት ቀለም ይንቦገቦጋል። ባለ 16 ጊጋባይት፣ አንድ ፍሬ ብቻ፣ 3600። ሻጩ «ሁለት ቀርፋፋ ከምትገዛ አንድ ፈጣን ግዛ» ብሎት ነበር። ባዮሱን አየሁ፤ 2666። ኤክስኤምፒውን ላበራለት ብፈልግ ማብሪያው የለም፤ ማዘርቦርዱ ራም ኦቨርክሎክ የማይፈቅድ፣ ርካሽ ቺፕሴት (የቦርዱን አቅም የሚወስን ቺፕ) ያለው ነው። ያ ራም እዚያ ቦርድ ላይ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ 3600 አይደርስም። ሁለተኛው ቻናል (ራሙን ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኘው ሁለተኛ መስመር) ባዶ ስለሆነ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ሊያገኝ ከሚችለው ባንድዊድዝ (በሰከንድ ከሚተላለፍ መረጃ) ግማሹን አጥቷል። ይህም ይቅር። ልጁ ፕሮጀክቱን ሲከፍት 16 ጊጋው ይሞላና ሥራው ወደ ዲስክ ይፈሳል። የዘገየበት ለዚህ ነበር! ተራ፣ መብራት የሌለው ሌላ 16 ጊጋ ጨመርኩለት፤ ችግሩ አለቀ። ልጁ «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አለኝ። እኔ ምን ልመልስለት? እስቲ እናንተ መልሱለት።

«ቁጥሩ ከፍ ካለ ፈጠነ» የሚለውንም እናቁም። ሲኤሉን (ራሙ መረጃ ሲጠየቅ እስኪመልስ የሚያሳልፈውን የዑደት ብዛት) በ2000 አባዙና ለፍጥነቱ አካፍሉት። 3200 በሲኤል 16፣ 10 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ይሰጣችኋል። 3600 በሲኤል 18፣ ያው 10። የቀጣዩ ትውልድ ዲዲአር5፣ 6000 በሲኤል 30፣ አሁንም 10! ባንድዊድዙ ያድጋል፣ አልክድም። የመጀመሪያው መረጃ እስኪመጣ የሚጠበቀው ጊዜ ግን ንቅንቅ አላለም። ካርቶኑ ላይ ቁጥሩ በትልቁ ሲጻፍ ሲኤሉ በጉንዳን ፊደል የሚጻፈው እንዲሁ በአጋጣሚ ይመስላችኋል?

ለኦቨርክሎክ መክፈል የሚያዋጣበት ቦታ የለም አላልኩም። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ ጌም የሚጫወት ሰው ልዩነቱን በዓይኑ ያያል። በኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ላይም የራሙን ፍጥነት 6000 ላይ ማቆም ጥሩ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጭማሪ ለብዙው ሰው ከኪስ እንጂ ከስክሪን ላይ አይታይም። ትልቅ ካሽ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማስታወሻ) ያላቸው የኤኤምዲ ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች ደግሞ ለራም ፍጥነት እምብዛም አይጨነቁም። ለጽሑፍ፣ ለሒሳብ ሥራ፣ ለኢንተርኔት? ምንም።

ዋስትናን በተመለከተ፦ ኤክስኤምፒንም የኤኤምዲ አቻውን ኤክስፖንም ፕሮሰሰር ሠሪዎቹ ራሳቸው ኦቨርክሎክ ይሉታል፤ ዋስትናን ሊያሳጣ እንደሚችልም ጽፈዋል። ራም ሻጩ ፍጥነቱን ይሸጣል፣ ፕሮሰሰር ሠሪው እጁን ይታጠባል፣ መሀል የቀረው ገዢው ነው! ያልተረጋጋ ራም ደግሞ ሁልጊዜ ሰማያዊ ስክሪን አያሳይም፤ ዝም ብሎ ፋይል ያበላሻል። ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ ካበራችሁ ሌሊቱን ሜምቴስት (የራም መፈተሻ ፕሮግራም) አስሩጡ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ራም ስንሸጥ ደረሰኙ ላይ ሁለቱንም ፍጥነት እንጻፍ፤ ሲሰካ የሚነሳበትን እና በኦቨርክሎክ የሚደርስበትን። የደንበኛውን ማዘርቦርድ ስም ሳንጠይቅም ራም አንሽጥ። እኔ ጋ ከሰኞ ጀምሮ ይጻፋል።

አመሰግናለሁ።