ጭቃው የራሱ ሰዓት አለው
(በሸክላ ሥራ የተግባር ሥልጠና መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ሠልጣኞች፣
የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

በዚህ ሥልጠና በመንኮራኩር ላይ ሸክላ መቅረጽን እና የተቀረጸውን ማስጌጥን ትማራላችሁ። ሁለቱን ሙያዎች በአንድ ቀን፣ አንዱን ጠዋት ሌላውን ከሰዓት በኋላ፣ ማስተማር የተለመደ ነው። እኛ ግን ሥልጠናውን በበርካታ ቀናት የከፋፈልነው ጭቃ የሚደርቀው በራሱ ሰዓት እንጂ በእኛ መርሐ ግብር ስላልሆነ ነው። በአንድ ቀን ሥልጠና የሚያጌጠው ዕቃ ሌላ ሰው የቀረጸው መሆኑ አይቀርም፤ የገዛ እጃችሁ ሥራ ለጌጥ ሲደርስ እናንተ ቤታችሁ ገብታችኋል።

መንኮራኩር ላይ የተቀመጠ ጀማሪ በመጀመሪያ የሚቸገረው ጭቃውን መሃል በማስያዝ ነው። በደንብ ያልታሸ ጭቃ በውስጡ አየር ስለሚይዝና እርጥበቱም እኩል ስለማይሆን፣ ሲሽከረከር ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ ስለዚህ ትግሉ የሚጀምረው ከመንኮራኩሩ ሳይሆን ጭቃው ከሚታሽበት ጠረጴዛ ነው። ክርናችሁን ከጭናችሁ ወይም ከጎናችሁ አጥብቃችሁ አስደግፉ። እጅ ብቻውን ሲገፋ ጭቃው እጅን እየወዘወዘ ይዞራል፤ ክንድ በሰውነት ሲደገፍ ግን ጭቃው ለእጅ ይገዛል። ከዚያ መሃሉን በአውራ ጣት ከፍቶ፣ ወለሉን ተጭኖ ማጥበቅ፣ በመጨረሻም ግድግዳውን በውስጥና በውጭ ጣቶች መካከል ይዞ ወደ ላይ መሳብ ይከተላል። ወለሉን ማጥበቅ ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ነው፤ ዕቃው ሲደርቅ ወለሉ ላይ እንደ እባብ ተጠማዝዞ የሚታየው ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጀማሪ ሁሉ ውሃ ያበዛል፤ እኔም አበዛ ነበር። ውሃ እጅን ከጭቃው ጋር እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ ነገር ግን ጭቃው እየጠጣው ሲሄድ አቅም ያጣና ገና ከፍ ሲል ይዝለፈለፋል። የመጀመሪያ ሥራዎቻችሁንም በቀጭን ሽቦ ከአፍ እስከ ወለል ለሁለት እንድትቆርጧቸው እንጠይቃችኋለን። ጭካኔ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ሆኖም ግድግዳው የት እንደሳሳ፣ ወለሉ የት እንደወፈረ ከዚያ የተሻለ የሚያሳያችሁ አስተማሪ የለንም።

ማስጌጥ በሦስት ወቅቶች ይከፈላል። ጭቃው እርጥብ ሳለ የጣት መስመርና የማበጠሪያ ጥርስ ይቀበላል። ግማሽ ደረቅ ሲሆን፣ ማለትም ሲያነሱት ቅርጹን ሳይለቅ በጥፍር ሲጫኑት ግን ምልክት ሲይዝ፣ እጅግ ሰፊው በር ይከፈታል፦ የዕቃው እግር (መቆሚያው) ትርፍ ጭቃ የሚላገው፣ ሌላ ቀለም ያለው፣ በውሃ የቀጠነ ጭቃ የሚቀባው፣ ቅቡን እየፋቁ ከሥሩ ያለውን ቀለም የሚያወጡበት ስግራፊቶ የተባለው ዘዴ የሚሠራው ያን ጊዜ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኮሪያ ሸክላ ሠሪዎች የተካኑበት፣ የተቀረጸውን መስመር በነጭና በጥቁር ጭቃ የመሙላት ጥበብም ይህንኑ ጊዜ ይጠብቃል። ይህ ሰዓት ካመለጠ ቅቡ ይቀባል እንጂ አይጸናም፤ እርጥቡ ቅብ ገና ሊኮማተር፣ ደረቁ ዕቃ ግን መኮማተሩን ስለጨረሰ፣ ቅቡ ይላላጣል። ስለዚህ ዕቃችሁን በላስቲክ ሸፍኖ ማሳደርን ከሙያው አንድ ክፍል ቁጠሩት።

ሦስተኛው ወቅት የሚመጣው ከመጀመሪያው እሳት በኋላ ነው፤ ወደዚያ እሳት የሚገባው ግን በደንብ የደረቀ ዕቃ ነው። ወፍራም ወለል የነበረው አንድ ጎድጓዳ ሳህኔ ሳይደርቅ እቶን ገብቶ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለፈ ጊዜ በውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ በታትኖታል፤ ጎረቤቶቹንም አልማረም። ከእሳቱ በደህና የወጣው ዕቃ ውሃ በቀላሉ ስለሚመጥ፣ በውሃ የተበጠበጠውን የመስታወት ቅብ፣ ማለትም በሁለተኛው እሳት ቀልጦ እንደ መስታወት የሚሆነውን ቅብ፣ በቅጽበት ይይዛል። እዚህ ላይ ዓይናችሁን አትመኑ። ለቅቡ ቀለም የሚሰጠው የኮባልት ኦክሳይድ ዱቄት ጥቁር ሲሆን ከእሳት የሚወጣው ሰማያዊ ሆኖ ነው፤ መዳብ አየር በበዛበት እቶን አረንጓዴ፣ አየር ባጠረው እቶን ደግሞ ቀይ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ቅቡን መጀመሪያ በትናንሽ የሸክላ ቁራጮች ላይ ሞክሩ። የዕቃውን እግር በእርጥብ ስፖንጅ መጥረግንም አትርሱ፤ አለበለዚያ ቅቡ ሲቀልጥ ዕቃው ከእቶኑ መደርደሪያ ጋር ይጣበቃል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የደረቀ የጭቃ ብናኝ ሳንባን የሚጎዳ ሲሊካ ስላለው እዚህ ክፍል ውስጥ ደረቅ መጥረጊያ አይገባም፤ ጠረጴዛውም ወለሉም የሚጸዳው በእርጥብ ጨርቅ ነው።

አሁን ቀለበትና የእጅ ሰዓታችሁን አውልቁ፣ ጥፍራችሁ የረዘመ ካላችሁ ቁረጡ። ከፊታችሁ የተቀመጠው ጭቃ ገና አልታሸም፤ መንኮራኩሮቹን የምናስነሳው እሱን አሽተን ስንጨርስ ነው።