ቮይስ የሚልኩ አባቶች፣ «ላስት ስንት?» የሚሉ ልጆች

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ርዕሱ ለአንዳንዶቻችሁ ጠበብ ያለ ሊመስል ይችላል። ስለ ሰብሳቢዎች ነው። ቴምብር፣ ሳንቲም፣ ከአገልግሎት የወጣ ብር የምንሰበስብ ሰዎች። ብዙ አይደለንም፤ ግን እንተዋወቃለን። ማውራት የፈለግኩት ስለምንሰበስበው ነገር ሳይሆን እርስ በርስ ስለምንነጋገርበት መንገድ ነው። ሰሞኑን ሳላስበው አስታራቂ ሽማግሌ ሆኛለሁ።

በዕድሜ መሃል ላይ ነኝ። ቸርችል ጎዳና፣ ዋናው ፖስታ ቤት አካባቢ የሚገናኙት አባቶች «ልጄ» ይሉኛል። ቴሌግራም ላይ ያሉት ወጣቶች ደግሞ ፎቶዬን ስላላደረግኩ ሴት መሆኔን አያውቁም፤ «ብሮ» ይሉኛል። ብዙ ጊዜ አላርማቸውም። ለብሮ ዋጋ ይቀንሳሉ መሰለኝ።

እስቲ አባቶቹ ዘንድ ግዢ እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ማኪያቶ ይታዘዛል። ከዚያ ጤና ይጠየቃል፤ የራስ፣ የቤት፣ የልጆች፣ የጉልበት ሕመም። ቀጥሎ ማን እንደሞተ፣ ማን ልጁ ጋ አሜሪካ እንደሄደ። ዕቃው ኪስ ውስጥ ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። ሂሳብ ለመክፈል ግብግብ ከተያዘ በኋላ፣ ሊነሱ ሲሉ፣ «ያቺ ነገር እንዴት ሆነች?» ይባላል። ዋጋ መጥራት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። «እርስዎ ይበሉ።» «ኧረ አንተው በል።» «በእኛ መሃል ዋጋ ምን ያደርጋል!» ዋጋው ግን ብዙ ያደርጋል፣ እመኑኝ። «እስቲ እናያለን» ከተባለ ደግሞ አለቀ። አልሸጥም ማለት ነው።

አሁን ከወጣቶቹ አንዱ ማርያ ትሬዛ የሚባለውን የድሮ የብር ሳንቲም ፈልጎ የላከውን ላንብብላችሁ። «ሰላም። ማርያ ትሬዛ አሎት? ግራም? ላስት ስንት?» ይኸው ነው።

መልእክቱ የደረሳቸው ጋሼ ስልካቸውን አምጥተው አሳዩኝ። «ይኼ ልጅ አሳዳጊ የለውም?» አሉኝ። ቀልድ አልነበረም። ልጁን ሳገኘው ጠየቅኩት። «ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጊዜያቸውን ላለመሻማት ብዬ እኮ ነው ያሳጠርኩት» አለኝ። እሱም ከልቡ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ «አሎት» ብሎ በአክብሮት ነው የጻፈው። ጋሼ ግን ያዩት ጤናቸው አለመጠየቁን ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን ሌላ ልጅ «የ1780 ነው ወይስ የሌላ ዓመት?» ብሎ ጠየቃቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ማርያ ትሬዛ፣ እኛ ጠገራ ብር የምንለው፣ ሁሌም 1780 ነው የሚለው። ምስላቸው ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ የሞቱት በ1780 እንደ ፈረንጆች ነው። ሳንቲሙ ግን ከዚያ በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ መመታቱን ቀጠለ። ቪየና ብቻ አይደለም፤ ለንደንም፣ ፓሪስም ተመትቷል። ጣሊያን ለወረራው ሲዘጋጅ ሮም ላይ ሳይቀር አስመትቶታል። ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱ ምንም አይነግርህም። ክብደቱም ያው ነው፤ 28 ግራም ከምናምን፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር። ሚዛን ላይ ብታስቀምጠው ፎርጅዱን ይለይልህ ይሆናል። ያ ብር የማን ጥሎሽ እንደነበር፣ ከየትኛው አገር በየትኛው ነጋዴ እጅ እንደመጣ ግን አይነግርህም።

አባቶቹ ማኪያቶ ይዘው የሚያወሩት እንግዲህ ይህንን ነው። እኔ ለረጅም ጊዜ ወሬው ትሕትና ብቻ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ሥራ ነው። «አያትህ የየት ሰው ናቸው? እናትህ በሕይወት አሉ? ቤቱን ሸጣችሁት እንዴ?» ሲሉ ዕቃው ከየት እንደመጣ እየመረመሩ ነው። መልሱ ከተጠላለፈ «እናያለን» ይመጣል። አንድ ጊዜ ጫፉ ላይ ማንጠልጠያ የተበየደበት ጠገራ ብር መጣ፤ የአንገት ጌጥ የነበረ። ቴሌግራም ላይ «ዳሜጅ አለው» ተብሎ ዋጋው ወደቀ። ጋሼ ጋ ሲደርስ ደግሞ ስለ ማንጠልጠያው ብቻ ረጅም ወሬ ተወራ፤ ማን አንጥረኛ እንደሠራው፣ በየትኛው አገር እንዲህ እንደሚበየድ። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱ ሳንቲም ነው የሚገዛው፣ ሌላው ሳንቲሙ ያለፈበትን ቤት ነው።

ግን አባቶቹን ብቻ አላሞግስም። ያ ሁሉ ወሬ በር መዝጊያም ነው። ያላስተዋወቀህ ሰው ከሌለ አትገባም። ሴት ከሆንሽ ደግሞ «ለባለቤትሽ ነው?» ትባያለሽ። ባለቤቴ አንድ ቴምብር ከሌላው አይለይም! ትክክለኛ ዋጋ የተማርኩት ከወጣቶቹ ነው። ፊቱን ከነጀርባው ፎቶ አንስተው፣ ሚዛኑን አሳይተው፣ ዋጋውን ጽፈው ሁሉም በሚያየው ቦታ ይለጥፉታል። የማን ልጅ እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም። በአባቶቹ ዘንድ ዕውቀት ወዳጅ ለሆነ ሰው የሚሰጥ ነው። ወጣቶቹ ዘንድ ግን ለሁሉም ተሰጥቷል፣ ያንተ ፈንታ ማንበብ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ደግሞ የአባቶቹ መሸፋፈን ከባዶ ሜዳ አልመጣም። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ብሩን ሲቀይር የጃንሆይ ምስል ያለበት ገንዘብ ከገበያ ወጣ። በዚያ ዘመን የንጉሡን ምስል ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ «ሰብሳቢ ነኝ» ማለት ቀላል አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ያደገ ሰው ያለውን በአደባባይ አይዘረዝርም። ወጣቶቹ ግን የብር ለውጥ ሲባል ትዝ የሚላቸው መስከረም 2013 ነው። አሥር፣ ሃምሳና መቶ ብር ተቀየሩ፣ ባለ 200 ብር አዲስ መጣ። ብዙዎቹ መሰብሰብ የጀመሩትም ያኔ ነው። አሮጌዋን መቶ ብር ባንክ ሳይመልሱ አስቀሩ፤ ሲሪያል ቁጥር ማደን ጀመሩ። ለነሱ መሰብሰብ ከመጀመሪያውም ስክሪንሾት ያለው ነገር ነው።

ስለ ዓመተ ምሕረትም አንድ ጠብ ገላግያለሁ። አንድ ልጅ «የ1944 ሃያ አምስት ሳንቲም» ብሎ ለጠፈ። ጋሼ «እንዲህ የሚባል ሳንቲም የለም፣ ውሸታም ነው» አሉ። ሳንቲሙ ላይ ያለው ፲፱፻፴፮ ነው፤ 1936 በእኛ። ልጁ የወሰደው ከፈረንጅ ካታሎግ ነው፤ እዚያ 1944 ይላል። ያው አንድ ሳንቲም ነው። ልጁ የግዕዝ ቁጥር ማንበብ አይችልም፣ ጋሼ ካታሎግ ከፍተው አያውቁም። ከተግባቡ በኋላ ግን ደስ የሚል ነገር ሆነ። ጋሼ ያው 1936 የሚል ሃያ አምስት ሳንቲም ሁለት ዓይነት እንዳለ አሳዩት። አንዱ ድፍን ክብ ነው፣ ሌላው ጠርዙ ሞገድ ሞገድ ያለ ነው። ክቡ በመጠን ለሃምሳ ሳንቲም በጣም ስለሚቀርብ ይምታታ ነበር። ልጁ በዚያኑ ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ለጠፋቸው። ማን እንዳስተማረው ግን አልጻፈም። ጋሼም አልጠየቁም፤ እኔ ግን በልባቸው እንደያዙት አውቃለሁ።

አባቶቹ ወደ ስልክ የመጡት ወደው አይደለም። ፒያሳ ላይ በ2016 ብዙው ሰፈር ሲፈርስ የሚገናኙባቸው ቤቶችም አብረው ሄዱ። አንዳንዱ ሰው መኖሪያው ራሱ ከተማው ዳር ሆነ። ቸርችል ድረስ ለማኪያቶ በሁለት ታክሲ መምጣት በዚያ ጉልበት አይሆንም። ስለዚህ ልጅ ልጆቻቸው ቴሌግራም ጫኑላቸው። መጻፍ ግን አልወደዱም፤ ፊደሉ ትንሽ ነው፣ ጣት አይታዘዝም። ቮይስ ይልካሉ። የሚያስቀው፣ ቮይሱ ካፌ ውስጥ ያለውን ሥርዓት እንዳለ ይዞ ነው የመጣው። «ሃሎ፣ እንደምን አደርክ ልጄ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን...» ቁም ነገሩ መጨረሻው ላይ ነው። ወጣቱ ደግሞ ቮይስ ሲያይ ይደነግጣል። «በጽሑፍ ቢሆን» ብሎ ይመልሳል። አባትየው ይህን እንደ ስድብ ይወስዱታል።

ዝምታም እንዲሁ ነው። አባቶቹ ለማይወዱት ጥያቄ መልስ አይሰጡም፤ ዝም ማለት ራሱ መልስ ነው። ወጣቱ ሁለቱን ምልክት አይቶ «አይተውታል ግን አልመለሱም» ይላል፣ ጥያቄ ምልክት ይልካል፣ ደግሞ ይልካል። በዚህ በኩል ለወጣቱ አዝናለሁ። እምቢታን በዝምታ የሚያነብ ጆሮ በአንድ ቀን አይገኝም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ያለምንም ማመንታት ከአባቶቹ ጋር ነኝ። «ወደ ውጭ እንልካለን» የሚል ማስታወቂያ ሳይ ያመኛል። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጁ፣ 209/1992፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት ይከለክላል። ማስታወቂያውን የሚለጥፈው ልጅ ይህን እንደ ተራ የዴሊቨሪ ጉዳይ ነው የሚጽፈው። አባቶቹ እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ ከግሩፑ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ይወጣሉ። ባይወጡ፣ ይልቅ ቢናገሩት ጥሩ ነበር።

የሰሞኑን ጉዳይ ልንገራችሁና ላብቃ። አንድ ልጅ ከቤተሰብ ሳጥን የጃንሆይ ዘመን ደብዳቤ አገኘ፤ ፖስታው ላይ ቴምብሮች አሉ፣ የድሬዳዋ ማኅተም ተመቶበታል። ውሃ ውስጥ ነክሮ ቴምብሮቹን አላቅቆ ሊሸጥ ነው። ይህን ሲጽፍ ጋሼ አዩት። ወዲያው ቮይስ ላኩ። እንደ ልማዳቸው ከሰላምታ ጀመሩ፣ የልጁን አያት ጠየቁ፣ ድሬዳዋ ስለነበረ ጓደኛቸው አወሩ። ከዚያ ነው ወደ ነገሩ የገቡት። ፖስታ ቤታችን በ1886 ሲቋቋም ፓሪስ ስለታተሙት የምኒልክ ቴምብሮች ነገሩት። ንጹሖቹ ብዙ ለአውሮፓ ሰብሳቢዎች ተሽጠዋል፣ ዛሬም ማግኘት ከባድ አይደለም። ብርቁ በእውነት ደብዳቤ ላይ ተለጥፎ የተጓዘው ነው። የልጁ ቴምብር በዕድሜ ከነዚያ ብዙ ያንሳል፤ ምክሩ ግን አንድ ነው፦ አትንከረው፣ ማኅተሙ ነው ዕቃው።

ልጁን ቮይሱን ሰምቶት እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሰምቼዋለሁ፣ በእጥፍ ፍጥነት» አለኝ። ፖስታውን አልነከረውም። ለጋሼ የላከውን መልስም አሳየኝ፦ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አያቴ ደህና ናቸው። እንዳለ ከነፖስታው ስንት ያወጣል?» ጋሼ እስካሁን አልመለሱም። እኔ እንደማውቃቸው መግዛት ፈልገዋል።

በሉ ሰላም ሁኑ፣ በሚቀጥለው እንገናኝ።