«ረን» ሲባል ሁልጊዜ ሩጫ አይደለም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬው የቋንቋ ሰዓታችን የስልክ ጥያቄ ሁሉ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ነው፤ ብዙዎቻችን «መሮጥ» ብለን በተማርነው «ረን» ላይ። መልስ የሰጡን የእንግሊዝኛ መምህርና ተርጓሚ ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ መዝገበ ቃላት ስከፍት ለ«ረን» ገጽ ሙሉ ትርጉም ነው የማገኘው። ሁሉንም መሸምደድ አለብኝ?

የለብህም፤ ብትሞክርም አትዘልቀውም። የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ቃሉን እንደገና ሲያጠኑት በግስነቱ ብቻ 645 ትርጉም ቆጥረውለታል። ሥራው አንድን አዘጋጅ ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም በትርጉም ብዛት የሚመራው «ሴት» (ማስቀመጥ) የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ነበር፤ እሱም 430 ነው። «ረን» የቀደመበት አንዱ ምክንያት ማሽን ነው። ሞተር ሲመጣ፣ ባቡር ሲመጣ፣ ኋላም ኮምፒውተር ሲመጣ እንግሊዝኛ አዲስ ግስ ከመፍጠር ይልቅ ይህንኑ ቃል ሥራ እየጨመረበት ሄደ።

የሚያዘው ሥሩ ነው፦ ሳይቋረጡ መሄድ፣ መቀጠል። ባለቤቱ ሰው ሲሆን ይሮጣል፣ ውኃ ሲሆን ይፈሳል፣ ሞተር ሲሆን ይሠራል፣ አውቶቡስ ሲሆን ይመላለሳል፣ መንገድ ሲሆን ተዘርግቶ ያልፋል፣ ቲያትር ሲሆን ለሳምንታት ይታያል፣ ውል ሲሆን ይጸናል። አማርኛ ለእያንዳንዱ የየራሱን ግስ ይሰጣል፣ እንግሊዝኛ ግን በአንዱ ያዳርሳል። እኛም እኮ እንዲህ እናደርጋለን። ትኬት እንቆርጣለን፣ ቀን እንቆርጣለን፣ ተስፋ እንቆርጣለን። አማርኛ የሚማር ሰው ሦስቱንም በቢላዋ ቢተረጉማቸው የት ይደርሳል? ስለዚህ ልጄ፣ ቃሉን ብቻውን አታምጣልኝ፤ ከነጎረቤቱ አምጣው። ማን ነው «ረን» የሚያደርገው? ምንን? ከኋላው የተለጠፈችው ትንሽ ቃል ማን ናት? እነዚህን ሦስቱን ካወቅህ ትርጉሙ ራሱ ይመጣል።

ጥያቄ፦ «ረን» ነው ወይስ «ራን»? ልጆቼ እየሳቁብኝ ነው።

ሁለቱም አሉ። የአሁኑ «ረን» ነው፤ እንደ ግዕዙ «ረ» አፍ ሳይከፈት ይባላል። ያለፈው «ራን» ነው፤ አፍ ሰፋ ይላል፣ ድምፁም በ«ራ» እና በ«ሬ» መካከል ነው። ከ«ሃቭ» እና ከ«ሃድ» በኋላ ግን ተመልሶ «ረን» ይሆናል፤ «አይ ሃቭ ራን» ስህተት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱንም «ራን» እያለ ስለሚጽፍ የትናንቱና የዛሬው ይደባለቅበታል። «ረንድ» የሚባል ያለፈ ጊዜ ደግሞ ጨርሶ የለም።

ጥያቄ፦ «ሺ ረንስ ኤ ካምፓኒ» ማለት ከድርጅት ድርጅት ትሯሯጣለች ማለት ነው?

አይደለም፤ ድርጅት ትመራለች፣ ታስተዳድራለች።

ጥያቄ፦ «ሂ ኢዝ ረኒንግ ፎር ፕሬዚዳንት»ስ?

ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደራል። ይህ የአሜሪካኖቹ አነጋገር ነው፤ እንግሊዞቹ ለምክር ቤት ወንበር የሚወዳደርን ሰው «ስታንድስ» ይሉታል። አንዱ ጋ ይሮጣል፣ ሌላው ጋ ይቆማል፤ ውድድሩ ግን ያው ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ የገዛሁት ልብስ ላይ «ከለርስ ሜይ ረን» ይላል።

ቀለሙ ሊለቅ ይችላል ማለት ነው። ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቢው።

ጥያቄ፦ «ረን አውት» እና «ረን አውት ኦፍ» ልዩነታቸው ምንድን ነው? ፈተና ላይ ሁልጊዜ ይጥለኛል።

ባለቤቱን እይ። ያለቀው ነገር ራሱ ባለቤት ከሆነ «ኦፍ» የለም፦ «ታይም ራን አውት»፣ ጊዜው አለቀ። ያለቀበት ሰው ባለቤት ከሆነ «ኦፍ» ይገባል፦ «ዊ ራን አውት ኦፍ ታይም»፣ ጊዜ አለቀብን። አማርኛው «አለቀ» እና «አለቀብን» ብሎ የሚለየውን እንግሊዝኛው በ«ኦፍ» ይለየዋል። «ረን ሎው» ደግሞ ገና አላለቀም፣ እያለቀ ነው። የማተሚያ ማሽን «ቀለም ሎው» ሲልህ ገና ታትማለህ፤ «አውት» ሲልህ ቆመሃል።

ጥያቄ፦ እኔ የጀነሬተርም የመድኃኒትም ጽሑፍ በስልኬ ካሜራ አስተርጉሜ ነው የማነብበው። «አትሩጥ» የሚል ትርጉም እየሰጠኝ ግራ ይገባኛል፤ ግን ዋናው ነገር ይገባኛል። ይህ ችግር አለው?

አለው፣ ብርቱ ችግር አለው። ሌሎቻችሁም አብራችሁ ስሙኝ።

ጀነሬተሩ ላይ የተጻፈው «ኔቨር ረን ዘ ጀነሬተር ኢንዶርስ» ነው። ስልክዎ «ቤት ውስጥ በጭራሽ አትሩጥ» ቢልዎ ፈገግ ብለው ያልፉታል፤ ቤት ውስጥ የሚሮጥ ማን አለና! ጽሑፉ የሚለው ግን «ጀነሬተሩን ቤት ውስጥ በጭራሽ አታስነሳው» ነው። ምክንያቱ የጭስ ማውጫው የሚተፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ነው፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይጀምራል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። በር ወይም መስኮት መክፈት አይበቃም፤ ጋራዥም፣ በረንዳም «ውጭ» አይባልም። ጀነሬተር ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭስ ማውጫው ከቤቱ ተቃራኒ ዞሮ ነው የሚሠራው። ምልክቱ ከታየ ሁሉም ሰው ወዲያው ወደ ንጹህ አየር ይውጣ፣ ከዚያ የድንገተኛ እርዳታ ይጠራ። ይህ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ «ረን» ላይ ነው። «ዋናው ነገር ይገባኛል» ሲሉኝ የምሰጋውም ለዚህ ነው፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያችው ያልገባችው ቃል ውስጥ ነው።

ሌላ ልጨምር። የቃጠሎ እርዳታ መመሪያ «ረን ኩል ዋተር ኦቨር ዘ በርን» ይላል። እዚህ «ረን» ማፍሰስ ነው፦ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ከቧንቧ በተቃጠለው ቦታ ላይ ለ20 ደቂቃ ሳይቋረጥ ይፍሰስበት። ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ መንከር አላለም፤ በረዶም አላለም፤ በረዶ የተጎዳውን ቆዳ ይብሱን ይጎዳዋል። የጥርስ ሳሙና መቀባትም አላለም።

መድኃኒት ጋ ስንመጣ «ኮርስ» የሚለው ቃል ይደረብበታል። ስለ ቫይረስ ጉንፋን «ሌት ኢት ረን ኢትስ ኮርስ» ከተባለ፣ ሕመሙ ጊዜውን ጠብቆ በራሱ ያልፋል ማለት ነው። የአንቲባዮቲክ ማሸጊያ ላይ «ፊኒሽ ዘ ኮርስ» ካለ ደግሞ የታዘዘልዎትን በሙሉ ይጨርሱ ማለት ነው። ሁለቱ ሲምታቱ ሰው ሻል ሲለው መድኃኒቱን ያቋርጣል።

ስልኩ ለምን ይሳሳታል? የማሸጊያ ጽሑፍ አጭር ነው፣ ጎረቤት የለውም። ካሜራው ደግሞ አንዳንዴ መስመር በመስመር ቆርጦ ይተረጉማል፤ «ዱ ኖት» በአንዱ መስመር፣ «ረን» በሚቀጥለው ከሆነ «አታድርግ» የሚለው ክፍል ተለይቶ ይቀራል። ክልከላው ትእዛዝ ሆኖ ይነበባል!

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን ከአቢይ ፊደል እስከ ነጥብ በእጅዎ ይጻፉት፤ ፎቶ ብቻ አይበቃም። ቀጥሎ «ረን» የሚያደርገውንና የሚደረገውን ይለዩ፤ ማሽን ከሆነ «መሥራት» ወይም «ማስነሳት»፣ ውኃ ከሆነ «መፍሰስ» ወይም «ማፍሰስ» ብለው ይሞክሩት። መዝገበ ቃላት ካዩ ተራ ቁጥር አንድ ላይ አይቁሙ፤ የእርስዎን ዓረፍተ ነገር የሚመስል ምሳሌ እስኪያገኙ ይውረዱ። ያገኙትን አማርኛ መልሰው ወደ እንግሊዝኛ ያስተርጉሙት፤ ሌላ ነገር ሆኖ ከመጣ አንድ ቦታ ተሳስቷል። ነገሩ መድኃኒት ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ይተዉትና ማሸጊያውን ይዘው ፋርማሲስት ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ «ሂ ኢዝ ረኒንግ ኤ ፊቨር»?

ትኩሳት አለው። እየሮጠ አይደለም፣ ተኝቷል።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ «ዱ ዩ ሃቭ ዘ ረንስ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ «አዎ፣ ጠዋት ጠዋት» አልኩት።

ተቅማጥ አለሽ ወይ ብሎሽ ነው። ሳይገባሽ ለሐኪም «አዎ» አትበይ፤ ተመልሰሽ አስተካክይለት፣ ሐኪሞች በዚህ አይቆጡም።

ጥያቄ፦ «አይ ራን ኦቨር ማይ ፍሬንድ» ብዬ ጽፌ፣ መልእክቱ የደረሰው ሰው ደንግጦ ደወለልኝ። ጓደኛዬን መንገድ ላይ አገኘሁት ለማለት ነበር።

ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ «ጓደኛዬን በመኪና ሄድኩበት» ብለኸዋል። አንተ የፈለግኸው «ራን ኢንቱ» ነው፤ ሳይቀጣጠሩ መገናኘት። እሱም ቢሆን ጎረቤቱ ግንብ ወይም ዛፍ ከሆነ መጋጨት ይሆናል። «ራን አክሮስ» ሳይፈልጉት ነገር ማግኘት ነው። «ራን ዳውን» ባለቤቱ ባትሪ ከሆነ ደከመ፣ መኪና ሆኖ ተሳቢው ሰው ከሆነ ገጨ። «ዘ ሚቲንግ ራን ኦቨር» ላይ ደግሞ የተገጨ የለም፤ ስብሰባው ከሰዓቱ አለፈ ነው። አየህ፣ ተሳቢው ሲጠፋ አደጋውም ጠፋ። ከነጎረቤቱ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮግራመር ነኝ። «ኮዱን ረን አድርገው» ማለት አማርኛ ማበላሸት ነው?

በሥራ ባልደረቦች መካከል ምንም አይደለም፤ ስትጽፍ «አስኪደው» በለው። ከዚያ ይልቅ አንድ ነገር አትሳት፦ «ኢት ረንስ» እና «ኢት ወርክስ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ ሳይቆም ሄደ ማለት ነው፤ ሁለተኛው የተፈለገውን ሠራ ማለት ነው። ሳይቆም ሄዶ የተሳሳተ ድምር የሚያወጣ ኮድ «ረንስ»፣ ግን አይሠራም። በአማርኛ ሁለቱንም «ይሠራል» ካልክ ሪፖርትህን የሚያነብ ሰው ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ «ድራይ ረን» እና «ረን ድራይ» ያው ናቸው?

በፍጹም! «ድራይ ረን» ስም ነው፣ ልምምድ፤ ከዋናው ሥራ በፊት የሚደረግ ሙከራ። «ረን ድራይ» ግስ ነው፣ ደርቆ መቅረት። የውኃ ፓምፕ ላይ «ዱ ኖት ረን ድራይ» ካለ «ውኃ ሳይኖረው አታስነሳው» ማለት ነው። በፓምፑ ውስጥ የሚያልፈው ውኃ ዘንጉ ላይ ውኃ እንዳያፈስ የሚዘጋውን ማሸጊያ ያቀዘቅዘዋል፣ ያለሰልሰዋል። ውኃ ከሌለ ማሸጊያው በሰበቃ ይግላል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ ፓምፑ ማፍሰስ ይጀምራል። «አታድርቀው» ብሎ የተረዳ ሰው ፓምፑን ከውጭ ውኃ ሊያጠጣው ይችላል፤ መቃጠሉ ግን አይቀርለትም። ከማስነሳትዎ በፊት ፓምፑንና መሳቢያ ቱቦውን ውኃ ይሙሉ። ማሸጊያው አንዴ ከሄደ ግን መካኒክ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ ልፈርም ያለሁት የእንግሊዝኛ ውል አለ። «ረንስ» የሚል አራት ቦታ ላይ አገኘሁ። እርስዎ ቢተረጉሙልኝ?

በስልክ ውል አልተረጉምም፤ የት የት እንደሚያዩ ግን ልንገርዎት። «ዘ ሊዝ ረንስ ፎር 12 መንዝስ» ካለ ኪራዩ ለ12 ወር ይጸናል፤ ከመቼ ጀምሮ የሚለውን ከጎኑ ይፈልጉ፣ ከፊርማው ቀን ሌላ ሊሆን ይችላል። «ታይም ቢጊንስ ቱ ረን» ካለ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጊዜ ገደብ ይቆጠርብዎታል፤ ካሳለፉት መብትዎን ሊያጡ ይችላሉ። «ረንስ ዊዝ ዘ ላንድ» የመሬት ስፋት አይደለም፤ ግዴታው ከመሬቱ ጋር ለሚቀጥለው ባለቤትም ይተላለፋል ማለት ነው። ሁለት ጊዜያት «ረን ኮንከረንትሊ» ከተባሉ አብረው ይቆጠራሉ፣ «ኮንሰኪዩቲቭሊ» ከተባሉ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። 3 ዓመትና 5 ዓመት በመጀመሪያው 5 ነው፣ በሁለተኛው 8። ሦስት ዓመት በአንድ ቃል ይጨመራል፣ ይቀነሳል።

ስለዚህ ወረቀቱን ሳይፈርሙ፣ አራቱን መስመር ብቻ ሳይሆን ገጹን በሙሉ፣ ፈቃድ ላለው ተርጓሚ ይስጡ። ከዚያ ትርጉሙንና ዋናውን ጎን ለጎን ይዘው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ።