የመጀመሪያ የቤዝ ፔዳላችሁን ከመግዛታችሁ በፊት የኪቦርዱን ግራ እጅ እዩ

(ካሜራው ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ፔዳሎች ከላይ ያሳያል)

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ስለ ቤዝ ፔዳል፣ ማለትም ቤዝ ጊታሩ ላይ ሰክተን በእግር እየረገጥን ድምፁን ስለምንቀይርበት ሳጥን ነው የምናወራው፣ በተለይ የመጀመሪያውን ስለመግዛት። ከመጀመራችን በፊት ግን ኢርፎን ካላችሁ አድርጉ፣ ምክንያቱም የቤዝ ወፍራሟ ኢ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ነው የምትርገበገበው፣ የስልካችሁ ስፒከር ደግሞ እዛ ድረስ መውረድ አይችልም። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። እኔ የመጀመሪያ ፔዳሌን የገዛሁት ከአንድ ጊታሪስት ነው፣ ያገለገለ ዲስቶርሽን፣ ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክር ማለት ነው፣ ቤት ውስጥ በሄድፎን ሞክሬው አበድኩ፣ ግድግዳ የሚያፈርስ ነው የሚመስለው። ቅዳሜ ሰርግ ነበረን፣ ጭፈራው ሞቅ ሲል፣ ችክችካው ሲገባ እግሬን ጣል አደረኩበት፣ ቤዙ ጠፋ። ጠፋ ነው ያልኩት፣ ቀነሰ አላልኩም! ጣሳ ውስጥ የታሰረ ንብ የሚመስል ነገር ብቻ ቀረ፣ ድራሙ ብቻውን ራቁቱን ቆመ። ኪቦርዲስታችን ዞሮ እንኳን አላየኝም፣ ዝም ብሎ ግራ እጁን ወደ ታች አወረደና የኔን ስራ መስራት ጀመረ። እስከ ዘፈኑ መጨረሻ እኔ ጣቴን አንቀሳቅሳለሁ፣ ቤዙን የሚጫወተው እሱ ነው። እኛ ሀገር ቤዝ የሚጫወት ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ ስንት ባንድ አለ ቤዙን በኪቦርድ ግራ እጅ ብቻ የሚሸፍን፣ ትንሽ ከተዳከማችሁ ቦታችሁን ለመውሰድ ሁሌ የተዘጋጀ እጅ አጠገባችሁ አለ።

(ስክሪኑ ላይ ሁለት ሞገድ፣ የቤዝ እና የጊታር)

ለምን ጠፋ? የጊታር ዲስቶርሽን የተሰራው ለጊታር ስለሆነ ነዋ። የጊታር ወፍራሟ ክር 82 ኸርዝ ላይ ናት፣ ማለትም በሰከንድ 82 ጊዜ፣ ከኛ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብላ። ብዙዎቹ የጊታር ድራይቮች፣ ለዘብ ያሉ ዲስቶርሽኖች በሏቸው፣ ደግሞ ድምፁ እንዳይጨማለቅ ብለው ከስር ያለውን ቀንሰው ነው የሚያስገቡት፣ ለምሳሌ ታዋቂው ቲዩብ ስክሪመር ከ720 ኸርዝ በታች ያለውን እያሳነሰ ነው ወደ ዲስቶርሽኑ የሚልከው። ለጊታር አሪፍ ነው፣ ለኛ ግን እንጀራችን ያለው እዛ ታች ነው። በዛ ላይ ዲስቶርሽን ጠንካራውንም ለስላሳውንም ምት አንድ ያደርገዋል፣ የጣታችሁ አመታት የሚባለው ነገር ይሟሟል፣ ችክችካ ላይ ደግሞ የጣት አመታት ከሌለ ምን ቀረ።

መፍትሄው አንዲት ቁልፍ ናት፣ ብሌንድ ትባላለች። የቤዝ ድራይቭ ስትገዙ መጀመሪያ እሷን ፈልጉ። ስራዋ ቀላል ነው፣ ያልተነካውን ንፁህ ቤዛችሁን ከተበላሸው ድምፅ ጋር ጎን ለጎን ታሳልፍላችኋለች፣ ታቹ ንፁህ ሆኖ ይቀራል፣ ላዩ ይቆጣል። ስሙት።

(መጀመሪያ ድራይቭ ብቻ፣ ከዛ ብሌንዱ ቀስ እያለ ወደ ንፁሁ ይዞራል)

ሰማችሁ? ግማሽ ላይ ስትደርስ ወለሉ ተመለሰ።

አሁን ወደ ስልኩ ስፒከር ልመለስ። 41 ኸርዙን ስልክ ካላወጣው በስልክ ዘፈን ስትሰሙ ቤዙን እንዴት ነው የምታውቁት? ኖታው ብቻውን አይመጣም፣ 82፣ 123፣ 164 እያለ የሚወጣ ሰንሰለት አለው፣ ሃርሞኒክስ የሚባለው፣ ጆሯችን እነዛን ሰምቶ የጎደለውን ታችኛውን ራሱ ይሞላዋል። ትንሽ ድራይቭ ማለት እንግዲህ እነዚህን ሃርሞኒክሶች መጨመር ነው። ስለዚህ ድራይቭ የሮክ ልጆች ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ትዝታ እየተጫወታችሁ እንኳን፣ ማንም ዲስቶርሽን ነው ብሎ እስከማያውቀው ድረስ ጠብታ ታክል ብትጨምሩ ደካማ ስፒከር ያለበት አዳራሽ ውስጥ ቤዛችሁ ይሰማል።

እና የትኛውን እንግዛ? የኔ መልስ ፕሪአምፕ ከነዲአዩ ነው፣ ድምፅ የሚቀርፅ ፔዳል ወደ ሚክሰር መላኪያው አብሮት ያለው ማለት ነው። ብዙ ሰው ቱነር ይላል፣ ሌላው ኮምፕረሰር ይላል፣ እኔ ግን የምንጫወትበትን ቦታ ነው የማየው። ስንቶቻችን ነን የራሳችንን የቤዝ አምፕ ተሸክመን ሰርግ የምንሄደው? ቸርችም በሉት ክለብም በሉት ጃኩን ሰክተን ቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ነው የምንገባው። ቤዝ ጊታር በተለይ ባትሪ የሌለው ፓሲቩ ደካማ ሲግናል ነው የሚያወጣው፣ ረጅም ኬብል አልፎ ከሚክሰሩ ጋር ሲገናኝ ላይኛው ድምፅ ይሞታል፣ የመብራት እዝዝታ ይሰበስባል። ዲአይ ይሄን ሲግናል ያጠነክርና በባለ ሦስት ፒኑ የማይክ ኬብል ይልከዋል፣ በዛ ኬብል መንገድ ላይ የሚሰበሰበው እዝዝታም ሚክሰሩ ጋ ሲደርስ ይጠፋፋል። ፕሪአምፑ ደግሞ አምፕ ይሰጣችሁ የነበረውን የድምፅ ባህሪ ይሰጣችኋል።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ በዚህ የሚታወቀው የቴክ 21 ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር ነው፣ ድራይቭ አለው፣ ብሌንድ አለው፣ ዲአይ አለው፣ ደግሞ የምወድለት ነገር ሚክሰሩ ላይ 48 ቮልቱን፣ ፋንተም የሚሉትን፣ ካበራችሁለት ያለ አዳፕተር ይሰራል። አቅም ካልፈቀደ ቤሪንገር ቢዲአይ21 አለ፣ ቁልፎቹ ያው ናቸው ማለት ይቻላል፣ ቦዲው ግን ፕላስቲክ ነው፣ ስትረግጡት እዘኑለት። ከበድ ያለ ዘመናዊ ድምፅ የምትፈልጉ የፊንላንዶቹን ዳርክግላስ ስሙ፣ ዋጋውን ስትሰሙ ግን ቁጭ ብላችሁ።

ቱነር፣ ቶሎ ልለፈው። ያስፈልጋል፣ አለቀ። ጭንቅላቱ ላይ የምትቆነጠጠው ቱነር ለቤት ጥሩ ናት፣ መድረክ ላይ ግን የድራሙን ንዝረት ጭምር እያነበበች ታሳብዳችኋለች፣ ፔዳሉ ደግሞ ስትረግጡት ድምፁን ይዘጋል፣ ዘማሪው ፀሎት ላይ እያለ ድው ድው ሳትሉ ትቃኛላችሁ።

ኮምፕረሰር ላይ ትንሽ ልቆይ። ሳውንድ ማኑ እጁን ቮልዩሙ ላይ አድርጎ ስትጮሁ የሚቀንስላችሁ እንደሆነ አስቡት፣ ያ ነው። ሬሽዮ 4 ለ 1 ማለት ከተሰመረው መስመር 4 ዴሲቤል ብታልፉ 1 ብቻ ያሳልፋችኋል። አታኩን፣ መቀነስ የሚጀምርበትን ፍጥነት፣ ቀስ የሚል አድርጉት፣ ካልሆነ የጣታችሁን የመጀመሪያ ምት ይበላዋል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያ ፔዳላችሁ አታድርጉት፣ አንዱ ኖታ ጎልቶ አንዱ ሰምጦ ሲወጣ ጣታችሁ ነው መስተካከል ያለበት፣ ኮምፕረሰር ይሸፍነውና ችግሩን ሳታውቁት ዓመት ያልፋል። እኔ ላይ ደርሷል።

ኦክታቨርም፣ ኖታችሁን አንድ ኦክታቭ ወደ ታች አውርዶ የሚጨምረው፣ ያምራል፣ የቦስ ኦሲ-2 በፈረንጆቹ ከ1982 ጀምሮ ሲንተሳይዘር የመሰለ ቤዝ ሲያስወጣ ኖሯል፣ ግን አንድ አንድ ኖታ ብቻ ነው የምትጫወቱት፣ ደግሞ ወደ ላይኛው ፍሬት ውጡ፣ ክፍት ኢ ላይ ከረገጣችሁት 20 ኸርዝ አካባቢ ነው የሚወርደው፣ ያን ማንም አይሰማም፣ ስፒከሩ ብቻ ነው የሚሰቃየው። ሁሉንም ልቅመስ ካላችሁ ደግሞ እንደ ዙም ቢ1 ፎር ያለ መልቲ፣ ብዙ ፔዳል ባንድ ሳጥን፣ አለ፣ ቱነሩም የድራም ሪትሙም ውስጡ ነው፣ በ4 ትናንሽ ባትሪ ስለሚሰራ መብራት ሲጠፋ ልምምድ አይቋረጥም። ቤት ለመማሪያ እመክረዋለሁ። ዲአይ ግን የለውም።

(ቅርብ ምስል፦ የአዳፕተር ጀርባ)

ይሄን ሳትሰሙ እንዳትሄዱ። አብዛኛው ፔዳል 9 ቮልት ነው፣ ማይነሱ መሀል ላይ ነው። እዚህ ጋ ያለችው ትንሽ ስዕል፣ ክቧ፣ መሀሏ ላይ የመቀነስ ምልክት መሆኑን እዩ። እኔ አንድ ቀን አዳፕተር ረስቼ የኪቦርዱን ሰካሁ፣ ልክ ገባ፣ 12 ቮልት ነበር ፕላሱም መሀል ላይ ነበር፣ የተቃጠለ ሽታ ሸተተኝ፣ ያች ንብ የታሰረባት ዲስቶርሽን እንደዛ ነው ያረፈችው። ከአሜሪካ በዘመድ የምታስመጡ ደግሞ ፔዳሉ ችግር የለውም፣ አዳፕተሩን ግን ገልብጡት፣ 100-240 የሚል ካልተፃፈበትና 120 ብቻ የሚል ከሆነ የኛ 220 ይጠብሰዋል።

ያንን ፕሪአምፕ ከገዛሁ በኋላ ከነዛው ልጆች ጋር ሌላ ሰርግ ነበረን። ብሌንዱ ግማሽ ላይ፣ ድራይቩ ከመነሻው ብዙም ያልራቀ፣ ቀጥታ ሚክሰር። ችክችካው ሲገባ እኔ የማየው ፔዳሉን አልነበረም፣ የኪቦርዱን ግራ እጅ ነበር። ሁለት ዙር ታች ቆየች። ከዛ ኪቦርዲስታችን አነሳትና የውሃ ጠርሙሱን ከፈተ።

(ቤዝ ብቻውን፣ 8 ባር ችክችካ፣ ከዛ ጥቁር)