ወረቀት ያልነበረው ሰዓሊ
(ስዊዘርላንድ፣ ማሎያ፣ የእግር ጉዞ ከመጀመሩ በፊት የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ! ከዙሪክ በሌሊት የተነሳችሁ፣ ቡናችሁን ባቡር ውስጥ የጨረሳችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጃኬታችሁን ዝጉ። ማሎያ 1815 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ለአዲስ አበባ ልጅ ይሄ ቆላ ነው፤ ነፋሱ ግን አያምርም።

ዛሬ የምንሄደው በጆቫኒ ሴጋንቲኒ መንገድ ነው። መንገድ ላይ የስዕሎቹ ቅጂ ያለባቸው ሰሌዳዎች ታገኛላችሁ። ስዕሉን እዩና ቀና በሉ፤ ያው ተራራ ፊታችሁ አለ።

ሰውየው በ1858 አርኮ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ ጣሊያን ውስጥ ናት፣ ያኔ ግን የኦስትሪያ ነበረች። እናቱ ስትሞት ገና የ7 ዓመት ልጅ ነው። ሚላን ያለችው ታላቅ እህቱ የራሷንም የእሱንም የኦስትሪያ ዜግነት አሰረዘች፤ የጣሊያኑን ግን ሳትጠይቅ ቀረች። በቃ፣ አገር አልባ ሆነ። እስኪሞት ድረስ የስዊስ ዜግነት አላገኘም። ከቢቼ ቡጋቲ ጋር 4 ልጆች ወልደው እንኳ በሕግ መጋባት አልቻሉም። ወረቀት የለማ!

እዚህ መሐል ወረቀት ሲጠብቅ ዓመት የቆጠረ ብዙ ሰው አለ። እኔም አንዱ ነኝ። በየቀኑ የፖስታ ሳጥን ከፍቶ ማየትን አውቃታለሁ። እሱ ሸራውን ተሸክሞ ተራራ ይወጣ ነበር።

አሳሳሉን ልንገራችሁ። ቀለሙን ከመደባለቅ ይልቅ ንጹሑን ቀለም በቀጫጭን መስመር ጎን ለጎን ይደረድራል፣ ልክ እንደ ነጠላ ጥለት። ቀርባችሁ ስታዩት ክር ነው። ራቅ ስትሉ የተራራ ብርሃን ይሆናል።

ያቺ ክብ የእንጨት ቤት የሥራ ክፍሉ ናት። ለ1900ው የፓሪስ ኤግዚቢሽን ይህን የኤንጋዲን ሸለቆ በሙሉ የሚያሳይ ግዙፍ ሥራ አስቦ ነበር። ወጪው አልተቻለም። ሕይወት፣ ተፈጥሮና ሞት የሚባሉት ሦስቱ ትልልቅ ስዕሎች የተወለዱት ከዚያ ሐሳብ ነው።

የመሐለኛውን ሊጨርስ በመስከረም 1899 ሻፍበርግ ወጣ፣ 2700 ሜትር ገደማ። እዚያው ሆዱን አመመው። መስከረም 28 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በ41 ዓመቱ ሞተ። አልጋው ላይ ሆኖ «ተራሮቼን ማየት እፈልጋለሁ» ብሏል ይባላል። «ተራሮቼን» ነው ያለው፤ መታወቂያ እንኳ ያልሰጡት ሰው።

ከሐይቁ ማዶ ሲልስ ማሪያ ውስጥ ፈላስፋው ኒቼ ሰባት በጋ አሳልፏል። ስለ እሱ የሚያወራ ሞልቷል፤ ለዛሬ ተዉኝ።

መጀመሪያ የሥራ ክፍሉን እናያለን፣ ከዚያ መቃብሩ ጋ እንሄዳለን። እዚሁ ማሎያ ነው የተቀበረው። ልጆች የያዛችሁ መሐል ግቡ። ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ሴንት ሞሪትዝ እንወርዳለን፤ ከ1908 ጀምሮ በስሙ የተከፈተ ሙዚየም አለ። ሦስቱም ስዕሎች እዚያ ናቸው። መጀመሪያ ጥለቱን እስክታዩ ተጠጉ፣ ከዚያ ወደ ኋላ አምስት እርምጃ። ከኋላችሁ የቆመውን ሰው እንዳትረግጡ ብቻ።