እማዬ መስተዋት የጠየቀች ዕለት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ ልናገር ያሰብኩት ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር፤ ነገር ግን የእማዬ ድድ ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ እሱን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። ለድድ ሕመሟ የተደረገላት ቀዶ ሕክምና በሰላም እንደተጠናቀቀ ባለፈው ነግሬያችኋለሁ፤ ስለ እርሷ የጠየቃችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ሐኪሙ አስቀድሞ ያስረዳንን በሚገባ አስታውሳለሁ። በጥርስና በድድ መካከል ያለው፣ እነሱ ኪስ የሚሉት ክፍተት በጤናማ ድድ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይጠልቃል፤ የእርሷ ግን ጥርሶቿ እስከ ሥራቸው ጸድተው የተወሰኑ ሳምንታት ከተጠበቀ በኋላም በላይኛው ቀኝ በኩል 6 እና 7 ሚሊ ሜትር ነበር። እዚያ ጥልቀት ብሩሽም መፋቂያም አይደርስም። ስለዚህ ድዱ ደንዝዞ ይከፈታል፣ በጥርሱ ሥር ላይ የደነደነው ቆሻሻ፣ ታርታር የሚሉት፣ በዓይን እየታየ ይጠረጋል፣ ከዚያም ድዱ ተመልሶ ይሰፋል። የስኳር ሕመሟ ቁስሉ ቶሎ እንዳይድን ሊያደርግ እንደሚችል፣ የድዱ መቆጣት ደግሞ በተራው ስኳሯን ለመቆጣጠር እንደሚያስቸግር ጭምር ተነግሮናል። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እንደሚበረታ ስለምናውቅ ጉንጯ ሲያብጥ አልደነገጥንም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለፍናቸው ለብ ባለ አጥሚት ነው። የቸገረን ጠያቂው ነበር። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ቡና ሳይፈላለት አይሄድም፤ ቡና ካለ ቆሎና ፈንዲሻ አለ፤ የፈንዲሻ ቅርፊት ደግሞ በተሰፋ ድድ ውስጥ ከተሰነቀረ ቁስሉን ሊያመረቅዝ ይችላል። አንዷ ጎረቤታችን በፍቅር ተነሣስታ በሙቅ የጨው ውኃ አጥብቃ እንድትጉመጠመጥ መከረቻት፤ እኔ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን መጉመጥመጥም ሆነ በኃይል መትፋት ቁስሉን የሸፈነውን የረጋ ደም ሊያነሣው እንደሚችል ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። የታዘዘላት ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጀርም ገዳይ የአፍ መጉመጥመጫ የምግብ ጣዕም አጠፋባት፤ ከቡና ጋር ሲሆን ጥርስን እንደሚያጠቁርም ስለሰማች ቡናውን እያሸተተች ብቻ ተቀመጠች።

ክሩ በወጣ ማግስት ግን መስተዋት አምጪልኝ አለችኝ። ከንፈሯን በጣቷ ገልጣ ረጅም ጊዜ ተመለከተች። እማዬ በልጃገረድነቷ ጎንደር ሳለች በመርፌና በጥላሸት ድዷን መነቀሷን ታውቃላችሁ፤ በሣቋ ውስጥ ያ ጥቁር መስመር ሁልጊዜ ይታይ ነበር። አሁን መስመሩ በቀኝ በኩል ወደ ላይ ሸሽቷል፤ ጥርሶቿ ረዝመዋል፤ ከሥራቸው ቢጫ የሆነው ክፍል ወጥቷል፤ በመካከላቸውም ክፍተት ይታያል። «ድዴን ቆርጠው ወሰዱት እንዴ?» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እኔም ከመመለሴ በፊት ዝም አልኩ፣ እርሷም ዝምታዬን እንደ መልስ ቆጠረችው።

አልወሰዱትም። አብጦ የነበረው ድድ ከሥሩ በሕመሙ የጎደለውን አጥንት ሸፍኖት ኖሮ፣ እብጠቱ ሲሟሽሽ ድዱ አጥንቱ ባለበት ልክ ዐረፈ። ኪሱ የሚቀንስበት አንዱ መንገድ ይኸው የድዱ መሸሽ ነው። ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነግሩን ይቻል ነበር። የተሰጠን ወረቀት ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ በረዶ መያዝና ስለ ክኒን ይዘረዝራል፤ አንዲት ሴት ከዚያ በኋላ በመስተዋት ምን እንደምታይ ግን አልተጻፈበትም። ይህ ያናድደኛል። ደግሞ ወዲያው ይበርድልኛል፤ ምክንያቱም ጥርሷን ስትቦርሽ የሚፈሰው ደም ቆሟል፣ ሽታውም ጠፍቷል፣ ጥርሶቿም በቦታቸው አሉ። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካት ያማታል፤ እሱ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ሊቀል ይችላል፣ ለዚህ የሚሆን የጥርስ ሳሙናም አለ። ድዱ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም፤ የሄደው አጥንትም ሙሉ በሙሉ አይተካም። ታዲያ ዳነች ማለት ምን ያህሉን ማለት ነው?

እንግዲህ የግራው ጎን ይቀራል። እዚያ ኪሶቹ 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናቸው። ሐኪሙ በየ3 ወሩ እያጸዱ፣ ስኳሯንም እየተቆጣጠሩ መጠበቅ እንደሚቻል፣ ካልቀነሰ ግን ያው ቀዶ ሕክምና እንደሚሻል ነግሯታል። ትናንት ማታ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይደረግልሽ ብላት የቀረውን ንቅሳቷን አስባለሁ፣ ይቅርብሽ ብላት ደግሞ ጥርሶቿን አስባለሁ፤ ምናልባት የሚቀጥለው ልኬት እስኪታወቅ ድረስ… ወይም ከዚያ በፊት ሌላ ሐኪም ብናማክር… እኔ እንጃ፣ ገና አልመለስኩላትም።