ዮርክ ስትሄዱ ጥጋኙን ፈልጉ

እንደምን አመሻችሁ። ነገ ዮርክ ለምትሄዱት ትንሽ እንዳወራ ተጠይቄ ነው የቆምኩት፤ ታላላቆቼ እዚህ ስላላችሁ ደግሞ ብዙ እንዳላስቀምጣችሁ እጠነቀቃለሁ።

መስቀል በመጣ ቁጥር የንግሥት እሌኒን ስም እናነሳለን። ልጇን ቆስጠንጢኖስንም ታውቁታላችሁ። ታዲያ ይሄ ሰውዬ መጀመሪያ የነገሠው የት ይመስላችኋል? ሮም አይደለም። በስሙ የተጠራችው ቁስጥንጥንያም አይደለችም። እዚሁ እንግሊዝ፣ ዮርክ ላይ ነው። አባቱ በፈረንጆቹ 306 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራላችሁ) ዮርክ ውስጥ ሞተ፤ ወታደሮቹም ሌላ ትእዛዝ ሳይጠብቁ ልጁን አነገሡት። አሁን ዮርክ ሚንስተር የሚሉት ካቴድራል አጠገብ፣ በደቡብ በኩል፣ በነሐስ ተሠርቶ ሰይፉን ይዞ ተቀምጧል። ሐውልቱ የቆመው በ1998 ነው። ፎቶ መነሳታችሁ አይቀርም፤ ተነሱ።

ከሐውልቱ ማዶ አንድ ትልቅ የሮማውያን ዓምድ አለ። ብዙ ሰው አልፎት ይሄዳል። ይሄ ዓምድ የተገኘው ግን ታሪክ ልቆፍር ባለ ሰው አልነበረም፤ የተገኘው ካቴድራሉ ሊወድቅ ስለነበር ነው። በ1967 መሐንዲሶች ሲመረምሩ የመካከለኛው ግንብ መሠረት ክብደቱን መሸከም እያቃተው፣ ግድግዳውም እየተሰነጠቀ መሆኑ ታወቀ፤ ዋዛ አልነበረም፣ ምክንያቱም ከሱ በፊት እዚያው የነበረው ግንብ በ1407 ተደርምሷል። እና ከሥሩ ገብተው አምስት ዓመት ቆፈሩ፣ በኮንክሪት አቀፉት፣ በማይዝግ ብረት ወጥረው አሰሩት። ሲቆፍሩ ምን ቢያገኙ ጥሩ ነው? የሮማ ጦር ጠቅላይ ሰፈር። ዓምዱም ከዚያው የወጣ ነው። ምድር ቤቱ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ስለሆነ ውረዱ፤ የሮማውያኑን ግድግዳና የዘመናችንን ኮንክሪት ጎን ለጎን ታያላችሁ።

እኔ ልላችሁ የፈለግኩትም ይሄንኑ ነው። ዮርክ ውስጥ ጥንታዊ የሚመስላችሁ አብዛኛው ነገር አንዴ ተቃጥሏል፣ ወይ ተሰንጥቋል፣ ወይ ይፍረስ ተብሎ ተፈርዶበት ሰው ተጣልቶለት ተርፏል። ስለዚህ ውበቱን ብቻ አትዩ። ጥጋኙን ፈልጉ።

ካቴድራሉን እንየው። አሁን ያለው ሕንፃ ከ1220 አካባቢ ተጀምሮ በ1472 ነው ያለቀ ተብሎ የተባረከው። በ1829 ጆናታን ማርቲን የሚባል፣ አእምሮው የታወከ ሰው ከማታው ጸሎት በኋላ ተደብቆ ቀረና የመዘምራኑን ክፍል አቃጠለው። የኦርጋኑ ድምፅ ረብሾኝ ነው ብሏል ይባላል። (ኦርጋን የሚረብሸው ሰው እዚህም አይጠፋም፣ እሳቱ ይቅርብን እንጂ።) ከዚያ በ1984 ሐምሌ ላይ ደግሞ፣ በሌሊት፣ የደቡቡ ክንፍ ጣሪያ ነደደ። መብረቅ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ እሳቱ ወደ ሌላው ክፍል እንዳይዘምት ብለው ጣሪያውን ራሳቸው አፈረሱት። እዚያ ክንፍ ላይ ያለው ጽጌረዳ መሳይ ክብ መስኮት በሙቀቱ በሺዎች በሚቆጠር ቦታ ተሰነጣጠቀ፣ ግን አልረገፈም፤ መስታወቶቹን የሚያያይዘው የእርሳስ ብረት ይዞታል።

ጣሪያው ተሠርቶ በ1988 ሲያልቅ፣ ለጌጥ የሚገጠሙበትን አንዳንድ የእንጨት ቅርጾች የነደፉት ልጆች ናቸው። የቢቢሲ የልጆች ፕሮግራም ውድድር አውጥቶ ነበር። አንዱ ቅርጽ ጨረቃ ላይ የወጣውን ሰው ያሳያል። አዎ፣ የመካከለኛው ዘመን ካቴድራል ውስጥ። አንዳንዱ ይሄ መቀለድ ነው ሊል ይችላል፤ እኔ ግን ድፍረታቸውን ወድጄዋለሁ። የድሮዎቹ ጠራቢዎችም የዘመናቸውን ነገር ነበር የሚቀርጹት።

በባለቀለም መስታወት ሥዕል የተሞላው ምሥራቁ መስኮት ጋ ስትደርሱ አትቸኩሉ። ጆን ቶርንተን የሚባል የኮቨንትሪ ሰው በ1405 ተዋውሎ በሦስት ዓመት ጨረሰው፤ ሁሉም ተደምሮ የተከፈለው 56 ፓውንድ ነበር። ከላይ እግዚአብሔር መጽሐፍ ይዟል፣ መጽሐፉ ላይ አልፋና ዖሜጋ እኔ ነኝ የሚል ተጽፏል። ከሥሩ ከኦሪት ዘፍጥረት የሚጀምር የብሉይ ኪዳን ታሪክ፣ ከዚያ ወደታች ራእየ ዮሐንስ። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ሥዕል እያነበባችሁ ያደጋችሁ ሰዎች አስጎብኚ አያስፈልጋችሁም፤ አውሬውንም ሰባቱን መለከቶችም ራሳችሁ ታገኟቸዋላችሁ። 311 ቁራጭ ሥዕል ነው፣ እያንዳንዱ ወርዶ ጸድቶና ተጠግኖ ሥራው ያለቀው በ2018 ነው። ለመሥራት ሦስት ዓመት፣ ለመጠገን አሥር ዓመት ገደማ!

አሁን ከካቴድራሉ እንውጣ። ጉድራምጌት የሚባለው መንገድ ላይ ነጫጭ፣ ዝቅ ያሉ፣ ፎቃቸው ወደ መንገዱ ወጣ ያለ ቤቶች ተደርድረዋል። ሌዲ ሮው ይባላሉ። የተሠሩት በ1316 ነው፣ በከተማዋ ካሉት የዚህ ዓይነት ቤቶች ቀዳሚዎቹ ናቸው። እያንዳንዱ ታች አንድ ክፍል፣ ላይ አንድ ክፍል ነበረው። ለምን ተሠሩ? ለኪራይ። ኪራዩ የሚከፈለው ለማን? ለሟች ነፍስ ለሚጸልይ ቄስ። ፍትሐትና ተዝካር ለምናውቅ ለእኛ ይሄ ግልጽ ነው። በ1547 መንግሥት እንዲህ ያለውን ጸሎት ከለከለ፣ ንብረቱንም ወሰደ። ጸሎቱ ቀረ፣ ቤቶቹ ቀሩልን፤ ዛሬ ሱቆች ናቸው።

ከኋላቸው በትንሽዬ በር የሚገባበት ቅድስት ሥላሴ አለላችሁ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሚንስተሩ እኩል ጊዜ ስጡት። ወለሉ ወጣ ገባ ነው፣ መቀመጫዎቹ በር ያላቸው የእንጨት ሳጥኖች ናቸው፣ ቤተሰብ ገብቶ በሩን ይዘጋ ነበር። መደበኛ አገልግሎት የለውም፤ የሚንከባከበው አገልግሎት ያቆሙ አብያተ ክርስቲያናትን የሚይዝ ተቋም ነው።

ሻምብልስ የሚባለውን የሥጋ ቤቶች ሰፈር ሁላችሁም በፎቶ አይታችሁታል። ሥጋ ይሰቀልበት የነበረው መንጠቆ አንዳንዱ ሱቅ ላይ አሁንም አለ፤ ሥጋ የሚሸጥ ግን የለም፣ የአስማት ዘንግ ነው የሚሸጠው። እዚያ የአንድ ሥጋ ነጋዴ ሚስት መታሰቢያ አለ፤ ማርጋሬት ክሊዘሮው። የካቶሊክ ቄሶችን ደብቃለች ተብላ በ1586 በድንጋይ ክብደት ተጨፍልቃ ተገደለች፣ በ1970 ቅድስት ተባለች። መታሰቢያው ያለበት ቤት ግን የእሷ እንዳልሆነ፣ እውነተኛው ቤቷ ከመንገዱ ማዶ እንደነበር ይነገራል። ሰው ግን እዚያው ይጸልያል።

ክሊፎርድ ታወር የሚባለው የድንጋይ ግንብ ላይ ስትወጡ አንድ ነገር እወቁ። በመጋቢት 1190 የከተማዋ አይሁዶች፣ 150 የሚሆኑ፣ ያኔ እዚያ በነበረው የእንጨት ግንብ ውስጥ ተጠልለው ሳሉ ሕዝቡ ከበባቸው። ብዙዎቹ ራሳቸውን አጠፉ፤ የወጡትም ተገደሉ። ከዚያ አድመኞቹ ወደ ካቴድራሉ ሄደው እዚያ የተቀመጠውን የብድር መዝገብ አቃጠሉ። ለአይሁዶቹ የነበረባቸውን እዳ መሆኑ ነው። ይሄም የዚህች ከተማ ታሪክ ነው።

የከተማው ቅጥር ላይ ትራመዳላችሁ። በ1800 የከተማው አስተዳደር ይፍረስልን ብሎ ነበር፤ ለማደሻ ገንዘብ ያስወጣል፣ መንገድም ያጠብባል እያለ። ከተሟገቱለት አንዱ ዊልያም ኤቲ ነው፤ ራቁት ገላ በመሳሉ የታማ ሠዓሊ። የሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ፊት ለፊት ሐውልቱ አለ፣ ሰላም በሉት።

ኮኒ ስትሪት ላይ ያለውን የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያንንም እዩ። በሚያዝያ 1942 የጀርመን ቦምብ አቃጠለው። በ1960ዎቹ መልሰው ሲሠሩት ከፊሉን ብቻ ጣሪያ አደረጉለት፣ ሌላውን ክፍት ግቢ አድርገው ተዉት። ትልቁን መስኮት ግን ከጥቃቱ በፊት አውርደው ደብቀውት ስለነበር ተርፏል፤ ዛሬ ስትገቡ ፊት ለፊት ነው። በጣም የምወደው ጥጋኝ ይሄ ነው፣ ቃጠሎውን አልደበቁትም።

በመጨረሻ ለነገ፦ ሻምብልስ ከረፋዱ በኋላ ስለሚጨናነቅ በጠዋት ጨርሱት። ሚንስተር ለጉብኝት ያስከፍላል፣ ለጸሎት ለሚገባ ግን ነፃ ነው፤ የማታው ዝማሬ ላይ ከቻላችሁ ግቡ። ድንጋይ መንገድ ስለሆነ ታኮ ያለው ጫማ ይቅርባችሁ። ጥያቄ ያለው ሰው ይጠይቀኝ፣ ሻይ እስኪደርስ እዚሁ ነኝ።